ፊት የሚያሞቀው ክኒን

ከባለቤቴ ከሸምሱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መሪ ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ፣ ውሃ በመጣ ቀን የተጠራቀመው ሁሉ ይታጠባል። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ከሳፋው አውጥተን፣ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ቆምን። ጠመዘዝን። ብርድ ልብሱ በመሀላችን ተሽከረከረ እንጂ ውሃ አልወጣውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜ ልካችንን አብረን ስንጨምቅ ኖረን ዛሬም አቅጣጫው አልገባሽም?» አለኝ።

«የተሳሳትከው አንተ ነህ። እኔ ድሮም በዚህ በኩል ነው የማዞረው።»

«እሺ፣ እኔ ልቀይር። ሹፌር በታዘዘበት ነው የሚዞረው።»

ጨምቀን አሰጣነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ ያነሳው እሱ ነው። በዚያው ሳምንት ልቡ ቆመ።

ለጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ መድኃኒት ማደል ነበር። ልጃችን «ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ እሱን ጻፊ» አለችኝ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከሞላሁ ብዙ ነው። ስለ ሥራው ብቻ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ሸምሱን ያገኘሁት ግን በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ስለሆነ አንዱን ከሌላው መለየት አልሆነልኝም። ሌላም ምክንያት አለኝ። ከሕንፃችን ሥር ወዳለው ፋርማሲ የግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ስገባ፣ ጉንጯ የቀላ አንዲት ወጣት ትልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ ይዛ ስትከፍል አየሁ። ብልቃጡ ላይ የሴት ፊት ተሥሏል። ፋርማሲስቱ ትሑት ልጅ ነው፤ እኔን «እማማ» እያለ ነው የሚያስተናግደኝ። እሷን ግን ምንም አልጠየቃትም። እኛም በዘመናችን አልጠየቅንም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ መጀመሪያ የተመደብኩት መሀል ከተማ ወዳለ የመድኃኒት መጋዘን ነበር። እዚያ ካርቶን እንጂ በሽተኛ አይታይም። አለቃችን ከሰው ይልቅ ካርቶን የሚወድ ሰው ነበር፤ ደሞዜም ከልዩ ልዩ መዋጮ ተርፎ ለአውቶቡስና ለጫማ ይበቃ ነበር እንጂ ሌላ የሚነገርለት ነገር የለውም። ከዚያ አሁን የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ይባሉ ነበር። ረዥም፣ ቀይ፣ ራሳቸው ከግንባራቸው እስከ ማጅራታቸው የተመለጠ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ቅባት ጥቂት ነው፤ የቀረውን እኛው እንቀምም ነበር። ድኝ ከቫዝሊን ጋር የሚዋሃደው በወፍራም መስተዋት ላይ ነው። ጀማሪ ሰው ዱቄቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቫዝሊኑ ላይ ያፈሰዋል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቢያሸው እንደጓጎለ ይቀራል። እሳቸው ዱቄቱን አስቀድመው በጥቂት ፓራፊን ዘይት ያረጥቡትና ስፓቹላ በሚሉት ጠፍጣፋ ቢላዋ ጀርባ ያሹታል፤ ለስልሶ ማብራት ሲጀምር ነው ቫዝሊኑን በትንሽ በትንሹ የሚጨምሩበት። ሲጨርሱ የእጃቸውን ጀርባ ቀብተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «አሸዋ አለው» ካሉ ሥራው እንደገና ነው። እኔ የሠራሁትን ግን የሚቀቡት በኔው እጅ ላይ ነበር። «አንቺ ንገሪኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ለስላሳ እየመሰለኝ «ደህና ነው» እል ነበር። እሳቸው አይከራከሩም፤ ቆመው ይጠብቃሉ። ጥቂት ቆይቶ አሸዋው ለራሴ ይሰማኛል።

ክኒን ሲቆጥሩ አይናገሩም። ማንበብ ለማይችል ሰው ክኒኑ በሚገባበት የወረቀት ከረጢት ላይ ለጠዋት የምትወጣ ፀሐይ፣ ለቀን ሙሉ ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ይሥላሉ። ከዚያ በሽተኛውን ፊቱን ወደ በሩ አዙረው «እስቲ ድገምልኝ» ይሉታል። ለምን ወደ በሩ እንደሚያዞሩት ጠየቅኳቸው።

«እኔን እያየ ከደገመ ከፊቴ ላይ ነው የሚያነበው» አሉኝ። «ቤቱ ሲገባ እኔ አልኖርለትም።»

በየሳምንቱ ሐሙስ መድኃኒት በሣጥን ይዘን እንጦጦ እንወጣ ነበር። ከራጉኤል በታች ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ እንጨት ከመሸከም የሚመጡ ሴቶችንና በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችን እናስተናግዳለን። ብዙዎቹ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ነው የሚናገሩት፤ አቶ ልሳነወርቅም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቫይታሚን ነው። ወገቡን ያመመውም፣ እንቅልፍ ያጣውም፣ ልጅ ያልያዘላትም «ቫይታሚን ስጡኝ» ነው። ከቫይታሚኖቹ መካከል ኒኮቲኒክ አሲድ የምትባል ትንሽ ነጭ ክኒን ነበረች፤ ከወዳጅ አገሮች በእርዳታ በቆርቆሮ ተሞልታ ትመጣለች። የእንጦጦ ሴቶች ከሁሉ አስበልጠው የሚወዷት እሷን ነበር። ውጠዋት ሣሩ ላይ ትንሽ ቁጭ ሲሉ ጆሯቸውና አንገታቸው ይሞቃል፤ ፊታቸው ይነዳል። በዚያ ብርድ ሙቀቱ ደስ ይላቸዋል።

«ሲ ጉባ?» ይሏቸዋል አቶ ልሳነወርቅ፤ ያቃጥላል ወይ ማለታቸው ነው።

«ያቃጥላል እንጂ! ይሄ ነው መድኃኒት» ትላለች አንዷ። «ያ ቢጫው ክኒን ምንም አይልም፤ ሽሮ ነው።»

ሴቶቹ ጠይም ስለሆኑ ፊታቸው ይሙቅ እንጂ ሲቀላ አይታይም። እኛም ቀልቶ አይተን አናውቅም። የሚያሞቅ መድኃኒት የሠራ መድኃኒት ነው፤ እነሱ ይህን ያምናሉ፣ እኛም ክኒኑን እንዳይተዉ ስለምንፈልግ «አዎ፣ ሲሞቅሽ ገባ ማለት ነው» እንላቸዋለን። ይህ አነጋገር ከተራራው ወርዶ የጤና ጣቢያው መስኮት ላይም ተለመደ።

ሸምሱ ወደዚያ መስኮት የመጣው በአንድ የበጋ ጠዋት ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ግራጫ የደንብ ልብስ ለብሶ ቆቡን በእጁ ይዟል። መልኩ ቀይ ነው። ከአፍንጫው ግራና ቀኝ እስከ ጉንጮቹ ድረስ ግን ሌላ ዓይነት ቅላት፣ የበሰለ ፕሪም የመሰለ ነገር ተዘርግቶበታል፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን እባጮች አሉ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ጤና ጣቢያውን የምትመራው ሲስተር አበበች መርምራው ወረቀቱን ወደኛ ልካለች። በድርቁ ጊዜ ሰሜን ሠርታ ነበር፤ እዚያ በቆሎ ብቻ እየበሉ ፀሐይ ያገኘው ቆዳቸው የሚቃጠል ሰዎች አይታ፣ በዚያች ነጭ ክኒን ሲድኑ አይታለች። የሸምሱም ፊት ከዚያ ወገን መስሏታል። ያዘዘችለት ነጯን ክኒንና ቢጫውን ቢ ኮምፕሌክስ ነበር።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» አሉት አቶ ልሳነወርቅ ወረቀቱን ሳያነቡ።

«ፊቴን፣ ጋሼ። ይግላል። ዓይኔም አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረኛል። ከበሽታው ይልቅ ደግሞ ሐሜቱ በለጠብኝ። ተሳፋሪ ከኔ ጋር ሲጣላ መጀመሪያ የሚያነሳው አረቄ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ። ወላሂ ሽታውን እንኳ አላውቀው።»

«ሽታውንማ ታውቀዋለህ። ተሳፋሪህ ይዞት ይገባል።»

ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ ይብስ ቀላ። ከረጢቱ ላይ የምትወጣ ፀሐይ ሣልኩለትና ወደ በሩ አዞርኩት።

«ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር፣ አንድ አንድ» ብሎ ደገመ።

«ሲሞቅህ አትደንግጥ» አሉት አቶ ልሳነወርቅ። «መድኃኒቱ ገባ ማለት ነው።»

ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ከበፊቱ የባሰ ነበር፤ እሱ ግን ደስ ብሎታል። «በጣም ይሞቃል» አለን። «ጆሮዬ ላይ ሻይ ማፍላት ይቻላል።» ሲስተር አበበች መጠኑን ጨመረችለት፤ የቢ አሥራ ሁለት መርፌም አከለችበት። ሸምሱ ሌላም ነገር ይወስድ ነበር፤ እናቱ የዓሣ ዘይት ገዝታ በማንኪያ ታጠጣዋለች፣ አንድ ጓደኛው ደግሞ ከውጭ የመጣ የማዕድን ክኒን ሰጥቶታል። ይህን ሁሉ የነገረን ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አልጠየቅነውም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የደንብ ልብሱን አልለበሰም። ቆቡም የለም።

«ቁልፉን ተቀበሉኝ» አለ።

ጠዋት ጠዋት ሹፌሮች መኪናቸውን ከመረከባቸው በፊት በስምሪት ኃላፊው ፊት ያልፋሉ። የዚያን ዕለት ሸምሱ ፊቱ ነዶ፣ ዓይኑ ደፍርሶ፣ ላብ አጥምቆት ነው የደረሰው። ኃላፊው ከሰልፉ አወጣው። በሕዝብ ሕይወት ላይ ሰክሮ ለመንዳት ሞክሯል ተብሎ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተከሰሰ። ከተፈረደበት ከሥራ ይባረራል፤ መንጃ ፈቃዱንም ያጣል። በዚያ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ ክስ በዚያው ላይቆም ይችላል። ለሸምሱ ግን ከዚህ ሁሉ የከበደው ሌላ ነው፤ ወሬው መስጊድ ደርሶ ነበር።

«ክኒኑን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትውጠው?» አሉት አቶ ልሳነወርቅ።

«ቁርስ ላይ ነዋ። ፀሐይቱ እንደተሣለችው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ዴፖ። ቤቴ አጠገቡ ነው፤ ቁርሴን ሳልጨርስ ነው የምደርሰው።»

አቶ ልሳነወርቅ የያዙትን ስፓቹላ አስቀመጡት። ከመደርደሪያው ወፍራሙን የመድኃኒት መጽሐፍ አውርደው አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆዩ። መጽሐፉ ክኒኒቷ ፊት እንደምታቀላ በግልጽ ይናገራል። እሳቸውም ከዚያ በፊት አንብበውታል፤ ግን ቀልቶ የታየ ፊት አጋጥሟቸው ስለማያውቅ ሙቀቱን ብቻ ነበር የያዙት። መጽሐፉን መለሱትና «ነፊሳ፣ የነጯን ክኒን ብልቃጥ ያዢ» አሉኝ።

ሦስታችን ወደ ዴፖው ሄድን፤ ኮሚቴው የተቀመጠው መስኮቱ ወደ ጋራዡ በሚያይ ክፍል ነበር። ሊቀመንበሩ የሜካኒክ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ የስምሪት ኃላፊው በጎኑ ተቀምጧል፤ አንዲት ጸሐፊ ቃለ ጉባዔ ትይዛለች። ሸምሱ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?» አላቸው ሊቀመንበሩ።

«መድኃኒት ሰጪው ነኝ፣ ጓድ። ይህን ሰው ያሰከርኩት እኔ ነኝ።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። አቶ ልሳነወርቅ ከብልቃጧ ሸምሱ በቀን ይውጥ የነበረውን ያህል ቆጥረው አወጡ፤ ሲቆጥሩ እንደ ልማዳቸው አልተናገሩም። በውሃ ዋጧቸውና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አሁን ምን እንጠብቃለን?»

«ፊቴን።»

ሊቀመንበሩ ሳቅ ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ ገባ። ስለጠፋ ጎማ ነበር የሚነጋገሩት። እኔ ከአቶ ልሳነወርቅ ራስ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። ምንም የለም። ጠዋት ፍርፍር በልተው እንደመጡ አውቃለሁ፤ ሆድ ሲሞላ ደግሞ ክኒን ይዘገያል። ሸምሱም ያያል። እሳቸው ብቻ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጋራዡን ይመለከታሉ። የጎማው ጉዳይ አለቀ፤ ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ አባቴ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ።

«ጆሮዎ!» አለች ጸሐፊዋ።

ከጆሯቸው ነው የጀመረው። ወደ አንገታቸው ወረደ፣ ወደ ጉንጫቸው መጣ፣ ከዚያ ግንባራቸውን አልፎ ያን ሁሉ መላጣ ወደ ኋላ እየጠቀለለ ሄደ። ላብ ወረዳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቅላት በሰው ራስ ላይ አላየሁም።

«ይምጡና ያሽትቱኝ» አሉ።

ሊቀመንበሩ የእውነት ተነሥቶ አሸተታቸው። «ሽንኩርት» ብሎ ተቀመጠ። ክፍሉ ሳቀ፤ ሸምሱ አልሳቀም።

የስምሪት ኃላፊውም አልሳቀም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሰከረ ሹፌር ምክንያት ሰው ሲሞት አይቶ ያውቃል። «ጥሩ» አለ። «ክኒኑ ያቀላል፤ አይተናል። ይህ ልጅ ግን ክኒን ከመጀመሩም በፊት ፊቱ እንዲሁ ነበር። በየቀኑ አየዋለሁ። ያኛውስ ምንድን ነው?»

«እሱን አላውቅም» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ክኒኑን የሰጠሁትም ሳላውቅ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሚጨመር አልነበረም። ኮሚቴው አላባረረውም፤ መሪም አላስያዘውም። ሐኪም የፊቱን ነገር ምን እንደሆነ እስኪናገር ድረስ አውቶቡስ እንዲያጥብ ተወሰነ።

ስንመለስ አቶ ልሳነወርቅ «‹ሞቀህ፣ ገባ ማለት ነው› የሚል ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ መስኮት አይወጣም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንኛውም በሽተኛ ሁለት ጥያቄ ጨመሩ። አንዱ «ሌላ ምን ትወስዳለህ?» ነው። ሁለተኛው «ከዋጥክ በኋላ ወዴት ነው የምትሄደው?» ነው። የእንጦጦዋ ሴት ከዋጠች በኋላ ሣር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ሸምሱ ግን በኃላፊው ፊት ነው የሚቆመው። ክኒኑ አንድ ነው። እኔም እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ሁለቱን ጥያቄዎች ሳልጠይቅ ከረጢት አላስረከብኩም።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ተራ እስኪደርሰው ብዙ ጠበቀ። ሐኪሙ አጠር ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ጠባብ ስስ መስተዋት ጉንጩ ላይ ተጭኖ ቅላቱ ሲጠፋና ሲመለስ አየ፤ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ አየ። ሮዜሺያ ይባላል አለ፤ ነጮች ላይ በብዛት የሚታይ፣ እኛ ዘንድ ግን ካለም ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፍ የፊት በሽታ። ጨርሶ አይድንም፤ ይነሣል፣ ይረግባል። ስለ ቫይታሚኑ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ አቶ ልሳነወርቅ አብሬው እንድሄድ ልከውኝ ነበር።

«ቫይታሚን የጎደለው ሰው ቫይታሚን ያስፈልገዋል» አለኝ ሐኪሙ። «ይህ ልጅ የጎደለው የለም። ነጯ ክኒን እሳት ላይ ነዳጅ ናት። የቢ አሥራ ሁለቱም መርፌ እባጩን ሊያባብስ ይችላል። ሁሉንም አቁሙ።»

«ከማዕድናቱስ?»

«ዚንክ ለአንዳንዱ ይረዳል የሚሉ አሉ። እርግጠኛ አይደለሁም። ከሞከራችሁ በልክ፤ ካልተስማማው ተዉት።»

አቶ ልሳነወርቅ ዚንክ ሰልፌቱን በትንሿ ሚዛን መዝነው፣ በስኳር ውሃ በጥብጠው ሰጡት። ሸምሱ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። «ጋሼ፣ ሳንቲም የላስኩ መሰለኝ።» ምግብ በልቶም ቢወስደው ሆዱን ይገለብጠው ነበር፤ አንድ ጊዜ እያጠበው ያለውን አውቶቡስ አስመልሶበት እንደገና አጠበው። ፊቱ ላይ ያየነው ለውጥ የለም። ተውነው። አቶ ልሳነወርቅ ስንተወው አልተናደዱም፣ ሌላ ቫይታሚንም አልፈለጉም። መዝነው ሰጡ፣ አዩ፣ አልሠራም፣ አቆሙ።

የረዳው ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ ያዘዘለትን ቴትራሳይክሊን ለብዙ ጊዜ ዋጠ። ሚጥሚጣ ተወ፤ ሻዩን አቀዝቅዞ መጠጣት ጀመረ። ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ የዓይኑ ቆብ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር የታወቀው ሐኪሙ «ስትሠራ ምን ይሞቅሃል?» ብሎ በመጠየቁ ነው። በእነዚያ አውቶቡሶች የሞተሩ ኮፈን ያለው ከሹፌሩ ጎን ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ምድጃ ፊቱ ላይ ይተነፍሳል። ሸምሱ የሚነዳው ደግሞ አሮጌውን፣ የኮፈኑ ሽፋን የተበላውን ነበር። ሊቀመንበሩ ሜካኒክ ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ገባው፤ በገዛ እጁ ኮፈኑን በወፍራም ጎማ አለበሰለት።

መሪ ሲመለስለት አንድ ሁኔታ ነበረው። የስምሪት ኃላፊው «ጠዋት ጠዋት ትተነፍስልኛለህ» አለው። ሸምሱ በየጠዋቱ ጓደኞቹ ተሰልፈው እያዩ ሰውየው ፊት ላይ ይተነፍስ ነበር። ብዙ ዘለቀ። አንድ ጠዋት ኃላፊው እጁን አወዛውዞ «ሂድ፣ ሂድ፣ የእናትህን ቁርስ ሳሸት ነው የከረምኩት» አለው፤ በዚያው ቀረ። ሸምሱ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ አልሰማሁትም።

እኔና እሱ በዚያ ሁሉ መመላለስ ውስጥ ተዋደድን። ጉዳዩ አባቴ ዘንድ ሲደርስ ግን ከረረ። አባቴ ሾላ ገበያ የሳሙናና የዘይት ሱቅ ነበረው፤ ወሬ የሚያልፈው በእሱ በር ነው።

«ያ ዓይኑ ደም የለበሰው ሹፌር ነው?» አለኝ። «ልጄን ለጠጪ አልሰጥም።»

«አባባ፣ በሽታ ነው። ስሙም ይታወቃል።»

«ስም ያልወጣለት ምን አለ። አንቺ ክኒን ስታድዪ የሰው ሁሉ ነገር በሽታ ይመስልሻል።»

ኮሚቴው ፊት የሆነውን ነገርኩት፤ ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት። አባቴ ወረቀት አያምንም፤ ያየውን ነው የሚያምነው። ረመዳን ገባ። ከዕለታት አንድ ቀን ሱቁን ከአሱር ሶላት በፊት ዘግቶ ጠፋ። ለማፍጠሪያ ሲመጣ ተምሩን በላ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ሰገደ። እናቴ ሾርባ ስታቀርብለት ነው የተናገረው።

«ከኋላው ተቀምጬ ከመገናኛ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መገናኛ ስመላለስ ዋልኩ» አለ። «ሰውየው ምራቁን እንኳ ለመዋጥ ይሳቀቃል። አንድ ተሳፋሪ ሲጋራ ሲያቀጣጥል ጭሱ እንዳይገባበት በመስኮት ራሱን አውጥቶ ነዳ። ፆመኛ ነው።»

«ፊቱስ?» አለችው እናቴ።

«ፊቱ ያው ነው። እንደ በርበሬ።» ሾርባውን ቀመሰ። «ይምጣ በሉት።»

ተጋባን። ሁለት ልጆች ወለድን። መንግሥት ተለወጠ፤ እኔ ከየካ ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ተዛወርኩ፤ በመጨረሻም የአንድ ሰፊ መድኃኒት ቤት ኃላፊ ሆንኩ። አቶ ልሳነወርቅ ጡረታ ከወጡ በኋላ አልፎ አልፎ እየመጡ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ያዳምጡኝ ነበር። ሁለቱን ጥያቄዎች ስጠይቅ ከሰሙ ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ቅባት ከፋብሪካ መምጣት ሲጀምር መስተዋቱን ለኔ ሰጡኝ፤ አንድ ቀን ዕቃ ስናጓጉዝ ተሰበረ።

የሸምሱ ፊት አልዳነም። በበጋ ይነሣል፤ በክረምት ይረግባል። ስንት ሰው ስንት ቫይታሚን አመጣለት፤ ልጃችን እንኳ ከውጭ ያስመጣችለት ብልቃጥ ነበር። አመስግኖ ይቀበልና ወደኔ ያሻግረዋል፤ እኔ የተጻፈውን አነባለሁ፤ ነጯ ክኒን ካለችበት እመልሳለሁ። ጨርቁን ግን አንድም ማታ አልተወም። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ውሃውን አሙቄ በክርኔ ሙቀቱን ለክቼ ጨርቁን እነክራለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጨርቁ እስኪቀዘቅዝ የዋለበትን ያወራልኛል። ስንጣላ እንኳ ውሃው ይሞቅ ነበር፤ ወሬው ብቻ ነበር የሚቋረጠው።

የሞተ ዕለት ወንድሜ ከሌሎች ወንዶች ጋር አጠበው። ሲወጣ «ፊቱ ጠርቷል» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ነው። ገብቼ አየሁት። ቅላቱ የለም። ንጹሕ፣ ቢጫ፣ የማላውቀው ፊት ነበር።

አሁን ጠዋት ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ክኒን ይዞ ከመጣ አነብለታለሁ። ማታ ውሃ የማሞቀው ለሻይ ነው።